ሎሚው አልከፈት ያለ ቀን

ስለ መድረክ ሙዚቃ ስንወያይ ብዙዎቻችን ሁለት ሳጥን አዘጋጅተን እንጠብቃለን። በአንዱ «ከልብ የወጣ» የምንለውን፣ በሌላው «ሾው ነው» የምንለውን እንከትታለን። ልምምድ፣ መብራትና ስክሪን የበዛበት ሁሉ ወደ ሁለተኛው ይጣላል። እኔ ይህን አከፋፈል አልቀበለውም። ምክንያቴን ለማሳየት ደግሞ ዩቱ ከተባለው የአየርላንድ የሮክ ባንድ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

አራቱ የባንዱ አባላት በ1976 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ደብሊን ውስጥ ገና ተማሪዎች ሳሉ ነው የተሰባሰቡት። ሦስቱ ሻሎም የተባለ የክርስቲያኖች ኅብረት አባላት ነበሩ፤ እምነትና የሮክ መድረክ አብረው ይሄዳሉ ወይ በሚል ጥያቄ ተጨንቀው ባንዱን ሊተዉት ደርሰው ነበር። በሰው ፊት ቆሞ መታየት ለእነርሱ ቀላል ጉዳይ አልነበረም ማለት ነው።

የድንገቴ ወዳጆች ሁልጊዜ የሚጠቅሱት ጁላይ 13 ቀን 1985ን ነው። ላይቭ ኤይድ፣ እኛ የሰባ ሰባቱ ድርቅ ለምንለው እልቂት ገንዘብ ለማሰባሰብ በለንደን ዌምብሌይ የተዘጋጀው ኮንሰርት። ለእያንዳንዱ ባንድ የተሰጠው ሰዓት አጭር ነበር፤ ዩቱም ሦስት ዘፈን አሰበ። ሁለተኛው «ባድ» ሲጀመር ድምፃዊው ቦኖ ከሕዝቡ መካከል አንዲት ወጣት አየ፣ ጠባቂዎቹን በእጁ እየጠቆመ እንዲያወጧት ጠየቀ፣ ከዚያም ራሱ ከመድረኩ ዘለለና ወርዶ አቅፏት ጨፈረ። ከላይ የቀሩት ጓደኞቹ አያዩትም። መሄዱን እንጂ መመለሱን አያውቁም። ያንኑ ዜማ ደጋግመው እየመቱ ጠበቁት። ዘፈኑ ወደ 12 ደቂቃ ተለጠጠ፤ ሦስተኛውና የታወቀው ዘፈናቸው ሳይዘፈን ቀረ። ባልደረቦቹ ተቆጥተውበት ነበር። ሕዝቡ ግን ከዚያ ቀን ያስታወሰው ያንን መውረድ ነው። በዚያው ዓመት ቦኖና ባለቤቱ ወሎ፣ አጅባር መጥተው በምግብ ማደያ ጣቢያ ለጥቂት ሳምንታት ሠርተዋል።

እንግዲህ ድንገቴው አሸነፈ? አትቸኩሉ። ቦኖ ከሕዝቡ መካከል ሰው ማውጣትን ከዚያ በፊትም ያውቅበት ነበር፣ ከዚያ በኋላም በብዙ ምሽቶች አድርጎታል። የአንድ ቀን ተመልካች ለእርሱ ብቻ የሆነ ይመስለዋል፤ ከከተማ ከተማ የተከተለ ግን የሚመጣበትን ደቂቃ ሊገምት ይችላል። (በእኛም ዘንድ «ያልተዘጋጀሁበት ነው» ተብሎ የሚጀመር ንግግር፣ በዚያው ቃል ስንት ጊዜ ሰምተናል!) ያልታሰበ መምሰልም ይለመዳል። ደግሞም «ባድ» ሊለጠጥ የቻለው አሠራሩ ስለፈቀደ ነው፤ ጥቂት ኮርዶች እየተመላለሱ የሚሄዱበት ዜማ ነው፣ ሦስቱም ሙዚቀኞች ሳይተያዩ መጠባበቅን በልምምድ ተምረዋል። ያ ልምምድ ባይኖር የቦኖ መውረድ ተራ ብልሽት ሆኖ ይቀር ነበር።

አሁን ወደ ሌላው ሳጥን። በ1997 ፖፕማርት የተባለ ጉዞ ጀመሩ፤ እጅግ ግዙፍ ስክሪን፣ ቢጫ ቅስትና 12 ሜትር የሚሆን፣ በመስታወት የተለበጠ የሜካኒክ ሎሚ ይዘው። ባንዱ ሎሚው ውስጥ ገብቶ ወደ ሕዝቡ ይመጣል፣ ሎሚው ይከፈታል፣ እነርሱም ይወርዳሉ። ኦስሎ ላይ አልከፈት አለ። በዓለም የታወቁት አራት ሰዎች በኋላ በኩል ባለች ጠባብ መውጫ ሾልከው ወጡ። ሥዕሉ ያስቃል፤ የጉዞውም ዋና ድክመት እዚያ ውስጥ ይታየኛል። ሁሉ ነገር በማሽን ሲታሰር፣ ማሽኑ ሲቆም ሰውም አብሮ ይቆማል።

ነገር ግን ይኸው ጉዞ ነው ሳራዬቮ የደረሰው። ታሪኩ ከ1993 ይጀምራል። ያን ጊዜ ዙ ቲቪ በተባለው፣ ከወለል እስከ ጣሪያ ቴሌቪዥን በሆነው ትርዒታቸው፣ ከተከበበችው ሳራዬቮ ሰዎችን በሳተላይት በቀጥታ ስክሪኑ ላይ ያቀርቡ ነበር። አንድ ምሽት ዌምብሌይ ላይ ከዚያ የቀረበች ሴት ለተሰበሰበው ሕዝብ ስለ እነርሱ ምንም እንደማያደርግ፣ ወደ ሙዚቃው ተመልሶ እንደሚረሳቸው ነገረችው። ማንም የጻፈላት ቃል አልነበረም። እውነተኛ ድንገቴ ይህ ነው፤ ደስ አያሰኝም፣ ከእርሷም በኋላ ጊታር ማንሳት ይከብዳል። የሰው መከራ የሾው ክፍል ሆኗል የሚለው ወቀሳም ተገቢ ነበር ብዬ አምናለሁ።

በሴፕቴምበር 1997 ያን ሁሉ ዕቃ ጭነው፣ ቃል በገቡት መሠረት፣ ጦርነቱ ወዳደቀቃት ወደዚያች ከተማ ሄዱ። በኮሼቮ ስታዲየም ወደ 45,000 ሰው ተሰበሰበ። የቦኖ ድምፅ ከዳው። ግዙፉ ስክሪን እየበራ፣ ሎሚው ተራውን እየጠበቀ፣ ዋናው ዘፋኝ መዝፈን አቃተው፤ ሕዝቡ ተቀብሎ ዘፈነለት። ጊታር ተጫዋቹ ኤጅ በበኩሉ ስለ ሰሜን አየርላንድ ግድያ የተጻፈውን የድሮ ዘፈናቸውን ከበሮና ባንድ ሳይከተለው፣ ለብቻው ቀስ ብሎ አቀረበው። በአንድ ምሽት፣ በአንድ መድረክ ላይ፣ ሁለቱም ሳጥን ፈረሰ።

በ2023 እና በ2024 ላስቬጋስ ስፊር ውስጥ ስላቀረቡት ብዙ አልልም፤ ምስሉ ሰውን ይውጣል። በመሃል ያለ ምስል ጋጋታ የሚያቀርቧቸው፣ ከምሽት ምሽት የሚለዋወጡት ጥቂት ዘፈኖች ግን ነፍስ ነበራቸው።

ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው «ፎርቲ» ነው፤ ከመዝሙር 40 የተወሰደ፣ በ1982 የአልበም ቀረጻ ሊያልቅ ሲል በጥድፊያ የተሠራ። ቤዝ ተጫዋቹ አዳም ክሌይተን ሄዶ ስለነበር ቤዙን የመታው ኤጅ ነበር። ስለዚህ መድረክ ላይ ሁለቱ መሣሪያ ይለዋወጣሉ። ለዓመታት ኮንሰርታቸውን የዘጉት በዚሁ ነበር። አወጣጡ የታቀደ ነው፤ አንድ በአንድ ይሄዳሉ፣ በመጨረሻም ላሪ ከድራሙ ይነሣል። መድረኩ ባዶ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ እስከ መቼ እንደሚዘምር የሚወስን ሰው እዚያ የለም፤ አንዳንድ ምሽት መብራት በርቶ በሩ ላይ እየተጋፉ ሲወጡም ይሰማ ነበር።