ከባንኮኒው ወዲያ፦ የቡና ቤት ሴት በሥነ ጽሑፋችንና በመድረካችን

መጋረጃው ይገለጣል። ቀይ መብራት፣ ሁለት የቢራ ሣጥን፣ አንድ ባንኮኒ። አጭር ቀሚስ የለበሰች ሴት ማስቲካ እያኘከች ባንኮኒውን ተደግፋ ትታያለች። ተመልካቹ ገና ቃል ሳትናገር ማንነቷን ያውቃል። ወይ የሰው ትዳር ታፈርሳለች፣ ወይም ስለ ክፉ እንጀራ እናቷ እያለቀሰች ትተርካለች። ትያትሩ ሊያልቅ ሲል ወይ ትሞታለች፣ ወይ ትመነኩሳለች። በአማተር ክበባት መድረክ፣ በትምህርት ቤት የወላጆች በዓልና በቴሌቪዥን ድራማ ይህች ሴት ለብዙ ዘመን ተመላልሳለች። ይሁን እንጂ አንድ ቀላል ጥያቄ ሳይመለስ ቆይቷል፤ ይህች ሴት በምን ትተዳደራለች? ደራስያን ሌሊቷን ጽፈዋል፤ ሒሳቧን ግን አልጻፉም።

ጉዳዩ ለሥነ ጽሑፋችን እንግዳ አይደለም። ነጋሽ ገብረ ማርያም «ሴተኛ አዳሪ» የተሰኘውን ልብ ወለድ ያሳተሙት እናኑ አጎናፍር በሚል የብዕር ስም ነው። ወንድ ደራሲ የሴት ስም መዋሱ ራሱ ብዙ ይናገራል፤ ታሪኩ ከእርሷ አፍ ቢሰማ ይበልጥ እንደሚታመን ደራሲው ተረድቶታል ማለት ነው። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር በበኩሉ «ሌቱም አይነጋልኝ»ን በውቤ በረሃ ላይ መሥርቶ ሲጽፍ ስብከቱን ትቶ የመሸታ ቤቱን ቋንቋ እንዳለ አመጣው። ድርሰቱ በድፍረቱ ምክንያት ለብዙ ዓመታት ሳይታተም መቆየቱ የታወቀ ነው። ሁለቱም ሥራዎች በየፊናቸው በር ከፍተዋል። ከእነርሱ በኋላ የመጡ ብዙ ጸሐፊዎች ግን በተከፈተው በር ገብተው ከመመልከት ይልቅ በበሩ ላይ የተሰቀለውን ቀይ አምፖል ብቻ ሲገለብጡ ኖረዋል።

በአንጻሩ የታሪክና የማኅበራዊ ሳይንስ ተመራማሪዎች ቀድመው ሄደዋል። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1974 እ.ኤ.አ. የሙያውን ታሪክ በኢትዮጵያ አጥንተው አሳተሙ። ላቀች ድራሴ በ1991 እ.ኤ.አ. በታተመው መጽሐፋቸው የአዲስ አበባውን ሁኔታ ከማኅበራዊና ከኢኮኖሚያዊ ግንኙነቶች ጋር አያይዘው መረመሩት። ቤተልሔም ተኮላ ደግሞ በ2005 እ.ኤ.አ. ጉዳዩን ከድህነት ጋር አስተሳስረው አቀረቡት። ምሁሩ የኑሮውን መዋቅር ሲያሳይ፣ ባለቅኔውና ጸሐፌ ተውኔቱ ገና ከእንባውና ከቀሚሱ አላለፉም።

ሌላው ጉድለት የቦታ ነው። ውቤ በረሃ ከተጻፈለት ሌሎች ከተሞችስ? አዳማን እንመልከት። ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ይህች ከተማ የጅቡቲ ምድር ባቡር ያሳደጋት ናት። ቀጥሎም የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1954 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀመረ፤ ደመወዝተኛው በዛ። የጅቡቲው የጭነት መኪና መንገድ በከተማይቱ ያልፋል። ሞጆ ላይ ወደ ደቡብ የሚታጠፈው መንገድ ደግሞ መቂን፣ ባቱን (ዝዋይን)፣ አርሲ ነገሌንና ሻሸመኔን ያያይዛል። በእነዚህ ከተሞች የመሸታ ቤቱ ገበያ የሚወጣውና የሚወርደው በወር ደመወዝ፣ በሽንኩርትና በቲማቲም ምርት፣ በሾፌር ማደሪያና በጾም ወራት ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ በበኩሉ ያድር የነበረውን መንገደኛ በዕለቱ እንዲመለስ አስችሎታል። ለአንዱ ምቾት የሆነው መንገድ ለሌላይቱ የጎደለ ሌሊት ሊሆን ይችላል። ይህን የሚያይ ደራሲ ሀገሪቱን በአንድ ባንኮኒ ላይ ሊያሳይ ይችል ነበር።

የቡና ቤት ሴት ቀን የሚጀምረው ረፋድ ላይ ነው። አንሶላ ታጥባለች፣ ወለል ትወለውላለች፣ ከጓደኞቿ ጋር ቡና ታፈላለች፤ የዕቁብ ዕጣ የሚወጣው፣ የልጅ ሞግዚት ደመወዝ የሚሰላው በዚያ ረከቦት ዙሪያ ነው። አሠራሩ ከቤት ቤት ቢለያይም መሠረቱ ይመሳሰላል። ደመወዙ ትንሽ ነው፣ ወይም ጭራሽ የለም። እንግዳው ከሚጋብዛት መጠጥ ጥቂት ድርሻ ይታሰብላታል፤ ስለዚህ መጠጣት ለእርሷ ሥራ እንጂ ደስታ አይደለም። የአልጋው ኪራይ ለቤቱ ይገባል። የሰበረችው ብርጭቆ ከእርሷ ይቆረጣል። ለቤተሰቧ «ሆቴል ቤት ነው የምሠራው» ብላለች፤ ውሸት አልተናገረችም፣ እውነቱንም አልጨረሰችም። ከተረፋት ገንዘብ የወንድሟ ደብተር ይገዛል፣ የእናቷ ቤት ቆርቆሮ ይለብሳል። ብትታመም ማን ያስታምማታል? ብትሞትስ የትኛው ዕድር ይቀብራታል? አንድ ሙሉ ተውኔት የሚያስጽፍ ጥያቄ ይኸው ነው፤ ነገር ግን በመድረካችን ላይ አልተጠየቀም።

ይህ ሒሳብ የእኛ ሀገር ብቻ አይደለም። በታይላንድ፣ በባንኮክና በፓታያ መጠጥ ቤቶች፣ ሴቲቱ ከተጋበዘችው መጠጥ በብርጭቆ ድርሻዋ ይታሰብላታል፤ የሥራ ሰዓት ሳያበቃ ይዟት ሊወጣ የሚሻ እንግዳም ለቤቱ የተለየ ክፍያ ይፈጽማል። ቋንቋውና ሃይማኖቱ የተለያየ ሆኖ ሳለ አሠራሩ እንዲህ መቀራረቡ፣ የነገሩን ምንጭ በሴቲቱ ጠባይ ውስጥ የሚፈልጉትን ሁሉ ሊያሳስባቸው ይገባል።

ሕጉ እንኳ ከድርሰቱ ይልቅ አስተውሏል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 634 የሚቀጣው በሌላ ሰው ገላ ንግድ አዘውትሮ የሚጠቀመውን አቃጣሪ ነው፤ ድርጊቱን ለሴቲቱ ወንጀል አላደረገባትም። በመድረክ ላይ ግን ተከሳሿ ሁልጊዜ እርሷ ናት። የሚያተርፍባት በጨለማ ውስጥ ተቀምጦ ገንዘብ ይቆጥራል፤ መብራት ባለሙያው አምፖሉን ወደ እርሱ አያዞርም። አነጋገሩን ብቻ ማድመጥ ይበቃል፤ የቤቱ ባለቤት «እትዬ» እየተባሉ ሲከበሩ፣ የሠላሳ አምስት ዓመቷን ሴት ጎረምሳው «አንቺ» ብሎ በጣቱ ይጠቅሳታል። ጸሐፌ ተውኔቱ ይህን ቃለ ተውኔት የሚጽፈው እንዲያስቅ ነው፤ ተመልካቹም ይስቃል።

የኤድስ ዘመን ይህን ዕይታ ይበልጥ አደነደነው። በ1988 እ.ኤ.አ. በ23 ከተሞች በእነዚህ ሴቶች ላይ በተደረገ ጥናት ከመቶ 17 ያህሉ ቫይረሱ በደማቸው ተገኝቶ ነበር። ይህ ቁጥር የሚመሰክረው ስለ እነርሱ ብቻ አልነበረም፤ በሽታውን ያመጡላቸውንና ወደ ቤታቸው የወሰዱትን ወንዶችም ይጨምር ነበር። ሆኖም በየአደባባዩ በተሰቀለው ሥዕልና በየትምህርት ቤቱ በታየው አጭር ድራማ ላይ ሞትን ያህል ነገር ተሸክማ የቆመችው ብዙውን ጊዜ ሴቲቱ ነበረች። በጎ ዓላማ ይዞ የተነሣ ኪነ ጥበብ በሰነፍ ምናብ ምክንያት የጉዳተኛዋን ቁስል እንዴት እንደሚነካካ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

ታዲያ ሌላ መንገድ አለ? አለ። ቶልስቶይ በ1899 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ትንሣኤ» ካትዩሻ ማስሎቫን በችሎት ፊት ሲያቆማት፣ ያሳታትን መኳንንት ደግሞ ከጁሪ አባላቱ መካከል አስቀመጠው። አንባቢው የሚፈርድባት ሳይሆን ከፈራጆቿ ጋር የሚፈረድበት ሆነ። በሀገራችንም ሄርሞን ኃይላይ በ2015 እ.ኤ.አ. ባቀረበችው «ፕራይስ ኦፍ ላቭ» የተሰኘ ፊልም የታክሲ ሾፌሩን የእንዲህ ዓይነቷ ሴት ልጅ አድርጋ ስለሣለችው፣ ፍቅረኛውን ሲያይ እናቱን ያያል፤ ንቀቱ ወደ ራሱ ይመለሳል። በሁለቱም ሥራዎች ውስጥ ሴቲቱ ብቻዋን አልቆመችም። አጠገቧ ያለው ሰው አብሯት በብርሃን ውስጥ ይገኛል።

አዳማ የስብሰባ ከተማ ናት። መምህሩ ለሥልጠና፣ ካድሬው ለግምገማ፣ አርቲስቱ ለፌስቲቫል ወደዚያ ይወርዳሉ። ቀን በአዳራሽ ስለ ሴቶች እኩልነት ሲነገር ይውላል፤ ማታ የውሎ አበሉ በባንኮኒው ላይ ይመነዘራል። ይህን ሁሉም ያውቃል፣ የጻፈው ግን የለም ለማለት ያስደፍራል። የሚቀጥለው ተውኔት የሚጀምረው ምናልባት ከዚህ ነው፤ ቀዩ መብራት ሳይበራ፣ ከረፋዱ ቡና። ሴቲቱ የትናንቱን ሒሳብ በጣቶቿ ትቆጥራለች፤ ልጇም በበሩ ደፍ ላይ ተቀምጦ የቤት ሥራውን ይሠራል። ነገ ደብተሩን የሚያርመው መምህር ያ ልጅ የማን እንደሆነ ቢያውቅ ምን ያደርጋል? መድረካችን ይህን ለመጠየቅ በደፈረ ዕለት፣ ተመልካቹ ሳቁን ገትቶ ማሰብ ይጀምራል።