በመልክእ ድርሰት ውስጥ የባትና የቅልጥም ቦታ

የመልክእ ደራሲ በአንድ በኩል ባለ ቅኔ፣ በሌላ በኩል የአካል ቆጣሪ ነው። ከራስ ጠጉር ተነሥቶ ለያንዳንዱ አካል ባለ አምስት ስንኝ ቤት እየሰጠ እስከ እግር ጥፍር ይወርዳል፤ ልብና ኵላሊት፣ አንጀትም ሳይቀር ሰላምታ ይደርሳቸዋል። እንዲህ ያለው ጥንቁቅ ድርሰት ከጉልበት በታች ሲደርስ የሚያደርገውን ግን ልብ ብሎ የተቸ ሰው እኛን አላጋጠመንም።

በብዛት የሚደገሙትን መልክአ ማርያምንና መልክአ ኢየሱስን እንይ። አቍያጽ ይቀድማሉ፣ አብራክ ይከተላሉ፤ ከዚያም አእጋር፣ ሰኳንው፣ መከየድ፣ አጻብዕና አጽፋር ይመጣሉ። ከጉልበት ወደ እግር የሚወርደው በአንድ ዝላይ ነው፤ ባትና ቅልጥም ቤት አላገኙም። «እግር ሲል ሁሉን ጠቅልሎ ነው» የሚል ይኖራል። ነገር ግን ተረከዝን ከውስጥ እግር፣ ጣትንም ከጥፍር የለየ ደራሲ በዚህ ምክንያት ሊሸሸግ አይችልም። እኛ እንደሚመስለን ምክንያቱ ሌላ ነው። ጉልበት ይሰግዳል፣ እግር ይመላለሳል፣ ተረከዝ እባብን ይቀጠቅጣል፤ ቅልጥም ግን ደራሲው የሚያነሣለት ታሪክ የለውም።

የለውም ስንል ግን ቸኵለናል። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 19 ወታደሮች የሁለቱን ወንበዶች እግር ይሰብራሉ። የግሪኩ ቃል እግርን በሙሉ የሚያመለክት ሲሆን፣ በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ «ጭን» ይለዋል። ይህ ቃል አያረካንም። የጭን አጥንት በሰውነታችን ውስጥ ካሉት አጥንቶች ሁሉ ጠንካራው ነው፤ በዙሪያውም ወፍራም ሥጋ አለበት። የቅልጥም ትልቁ አጥንት የፊት ገጽ ግን ጡንቻ የሚባል አልለበሰም፣ ከቆዳ ሥር ወዲያው ይገኛል፤ ይህንም ከደረጃ ጋር የተጋጨ ሁሉ ያውቀዋል። ፈጥኖ መስበር የፈለገ ሰው ወዴት እንደሚመታ መገመት አያስቸግርም። ምናልባት «ቅልጥም» ሥጋ ቤትና መቅን ስለሚያሳስብ ለቅዱስ መጽሐፍ አልተገባም ይባል ይሆናል፤ እኛ ግን ቃሉ የሥጋ ቤት ስለ ሆነ የሰው መሆኑ አይቀርም እንላለን።

ነገሩን ወደ ጋይንት ብንወስደው ይበልጥ ይገለጣል። ቤተልሔም በድጓ፣ ዙር አምባ በዝማሬ የታወቁት በዚሁ አገር ነው። ከዚያ የተማረ መሪጌታ በማኅሌት ሌሊቱን ቆሞ ያድራል። ሰው ቀጥ ብሎ ሲቆም የክብደቱ መሥመር ከቁርጭምጭሚት ፊት ስለሚወርድ፣ ወደ ፊት እንዳይደፋ ከኋላ ስቦ የሚይዘው ባት ነው። ባትም አንድ ጡንቻ አይደለም። ከላይ የሚታየው ባለ ሁለት ራስ ጡንቻ ከጭን አጥንት ታችኛ ጫፍ ተነሥቶ ጉልበትን አልፎ ይወርዳል፤ ከሥሩ የተሰወረው ጠፍጣፋ ጡንቻ ደግሞ ከጉልበት በታች ከሁለቱ የቅልጥም አጥንቶች ይነሣል፤ ሁለቱም በአንድ ወፍራም ጅማት ተረከዝ ላይ ይታሰራሉ። ለረጅም ሰዓት መቆምን ይልቁንም የሚሸከመው የተሰወረው ነው። ማኅሌታዊው በመቋሚያው ሲደገፍ የሚያሳርፈው ይህንኑ፣ መልክኡ ያልጠራውን ሥጋ ነው።

የእስቴ ሰው ከ4,000 ሜትር በላይ ወደሚደርሰው ወደ ጉና ሲወጣ ባቱ ይሠራል። የስማዳ ሰው ወደ በሽሎ ሸለቆ ሲወርድ ግን በቅልጥም ፊት በስተውጭ ያለው ጡንቻ እግሩ በድንገት እንዳይወድቅ እየያዘ ያሳርፈዋል፤ ቍልቍለት የፊቱን ቅልጥም የሚያደክመው ስለዚህ ነው። ለዚህ ጡንቻ በተራ ንግግር የምንሰማው የተለየ ስም የለም። ከትልቁ አጥንት በስተውጭ ለቆመው፣ የውጩን ቁርጭምጭሚት ለሚሠራው ቀጭን አጥንትም እንዲሁ ነው።

ይህ የቃል ጨዋታ ብቻ አይደለም። የስማዳ ገበሬ «ቅልጥሜን» ብሎ ጸሓፊው «ጭኑን» ብሎ ቢመዘግብ፣ ጥፋቱ በመዝገብ ላይ አይቀርም፤ ደብዳቤውን ይዞ የሚላክ በሽተኛ አለ። ስለዚህ ለመማሪያ መጽሐፍ ቃል የሚያወጡ ሰዎች አቍያጽን ከግዕዝ ከመበደራቸው በፊት ቅልጥምን፣ ባትን፣ የጉልበት ሎሚንና ቁርጭምጭሚትን እንዲያስቀድሙ እንጠይቃለን። ለቀጭኑ አጥንት «ቀጭኑ ቅልጥም»፣ ለተሰወረው ጡንቻ «የውስጥ ባት» ቢባል ምን ይጐድላል? ለመልክኡም ቢሆን ከአብራክና ከአእጋር መካከል የአንድ ቤት ስፍራ ገና ክፍት ነው፤ የቤተልሔም ወይም የዙር አምባ ተማሪ ሊሞክረው ይችላል።