ስንት ሰከንድ ቆመ?

በሁለት ቢላ መብላት ለሰው ነውር ነው፤ ለሰርቨር ግን ወጉ ነው። ዳታው በራሱ ሆድ ውስጥ ሳይሆን ከኔትወርኩ ማዶ ባለ ስቶሬጅ ላይ ከተቀመጠ፣ ወደዚያ የሚያደርሰው መንገድ ሁለት መሆን አለበት፦ ሁለት ካርድ፣ ሁለት ኬብል፣ ሁለት ስዊች፣ በስቶሬጁም በኩል ሁለት ኮንትሮለር። ይህን ማንም ያውቀዋል። እኔም አውቅ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ለአንድ መሥሪያ ቤት የመጀመሪያ ሥራዬን ስዘረጋ ሁሉን ጥንድ ጥንድ አድርጌ፣ ኬብሎቹን ሰማያዊና ቢጫ ብዬ ለይቼ፣ ራኩን ቆልፌ ወጣሁ።

በማግስቱ በዕድሜም በሙያም የሚበልጠኝ ባልደረባዬ መጣና "ነቅለህ አይተኸዋል?" አለኝ።

"አዎ ጋሼ፣ ነቅዬዋለሁ። በሌላው ቀጠለ።"

"ስንት ሰከንድ ቆመ?"

መልስ አልነበረኝም። ኬብሉን ነቅዬ ሻይ ልጠጣ ሄጄ ነበር፤ ስመለስ ሁሉም ይሠራል።

ሰዓት ይዘን ደገምነው። ሰማያዊውን ነቀልኩ፤ ዳታቤዙ ዝም አለ። አንድ ደቂቃ አለፈ። ሁለት ደቂቃ አለፈ። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ሥራውን ቀጠለ፤ እስከዚያ ድረስ ግን ከዳታቤዙ ጋር የሚነጋገሩት ፕሮግራሞች መጠበቅ ሰልችቷቸው ስሕተት ደርድረው ነበር። ቢጫው መንገድ ክፍት ሆኖ ሳለ ሰርቨሩ የሞተው መንገድ ደጃፍ ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

የምንጠቀመው አይስካዚን ነበር፤ የዲስክን ትእዛዝ በተራ የቲሲፒ ኔትወርክ ላይ የሚያጓጉዘውን፣ በ2004 እ.ኤ.አ. መደበኛ ሰነዱ የወጣለትን ፕሮቶኮል። በሊኑክስ ላይ መስመሩ ሲቋረጥ "ይመለስ ይሆናል" ብሎ ትእዛዞቹን ይዞ የሚቆየው፣ ካልነኩት በቀር፣ 120 ሰከንድ ነው። መንገዱ አንድ ብቻ ቢሆን ይህ ትዕግሥት ልክ ነው፤ መሄጃ የሌለው ቢጠብቅ አይፈረድበትም። ሌላ መንገድ ላለው ግን ጅልነት ነው። ወደ 5 አወረድኩት። ሰርቨሩ በየ5 ሰከንዱ ስቶሬጁን "አለህ?" ይለዋል፣ መልሱን 5 ሰከንድ ይጠብቃል፤ ይህ ሲደመር ቢበዛ 15 ሰከንድ ነው።

ነቀልኩ። አሁንም ሁለት ደቂቃ! ያን ቀን የተማርኩትን እስከ ዛሬ ለጀማሪዎች እነግራለሁ፦ የአይስካዚን ዋና ማዋቀሪያ ፋይል መቀየር የሚሠራው ከዚያ በኋላ ለሚመዘገቡ ስቶሬጆች ብቻ ነው። ቀድሞ የተመዘገበው የራሱን መዝገብ ይዞ ይቀጥላል። መዝገቡን ራሱን ማረም፣ ከዚያም ወጥቶ እንደገና መግባት ያስፈልጋል።

ከዚህ በላይ ያለው ሽፋን መልቲፓዝ ነው። እሱ ከሌለ ሊኑክስ አንዱን ዲስክ ኤስዲቢ እና ኤስዲሲ ብሎ ሁለት ያደርገዋል። መልቲፓዝ መለያ ቁጥሩን አይቶ "ሁለቱም ያው ናቸው" ይልና አንድ ስም ይሰጠዋል፤ ከዚያ ወዲያ ኤስዲቢን በቀጥታ መንካት የለም።

የዚህኛው ጠባይ ግን ከታችኛው ተቃራኒ መሆን አለበት። ታችኛው ቶሎ ተስፋ ይቁረጥ፤ ላይኛው ይታገሥ። ታችኛው ተስፋ ሲቆርጥ ሌላ መንገድ አለ። ላይኛው ተስፋ ሲቆርጥ ግን ስሕተቱ ፋይል ሲስተሙ ላይ ይወድቃል፤ እሱም ብዙ ጊዜ ራሱን ለንባብ ብቻ አድርጎ ይቆልፋል። ታዲያ ለዘላለም ይጠብቅ? አንዳንድ መመሪያዎች እንዲያ ይላሉ፤ እኔ አልስማማም። ለዘላለም የሚጠብቅ ፕሮሰስ ሊገድሉት ቢሞክሩ አይሞትም፤ ሰርቨሩን ሪስታርት ሲሉትም እዚያው ተንጠልጥሎ ይቀራል። ቁልፉን ተጭኜ በግድ ያጠፋሁበት ሌሊት አለ፤ መድገም አልፈልግም።

ላይኛው ስንት ሰከንድ እንደሚታገሥ የማወጣው ከስዊቾቹ ነው። መብራት ሲሄድ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ዩፒኤሱ ካልያዘ ሁለቱ ስዊቾች አብረው ይጠፋሉ፤ ሰርቨሩ በሌላ ዩፒኤስ ላይ ስላለ ነቅቶ ይጠብቃቸዋል። ስዊች ደግሞ እንደ አምፖል ወዲያው አይበራም። የእኛዎቹን በሰዓት ስለካቸው ሦስት ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው የተነሡት። መልቲፓዙ በየ5 ሰከንዱ ስለሚፈትሽ 48 ሙከራ ፈቀድኩለት፤ 240 ሰከንድ መሆኑ ነው። ስዊቾቹን በሁለት ዩፒኤስ መክፈል አይሻልም ወይ ትሉ ይሆናል። ይሻላል። እስኪገዛ ግን ሥራው አይቆምም።

የቀረውን በአጭሩ ልበለው። ሁለቱ ካርዶች በአንድ ሰብኔት ውስጥ አይሁኑ፤ ሊኑክስ የሁለቱንም ትራፊክ በአንደኛው ሊያስወጣው ይችላል፤ ያኔ ሁለት ኬብል ገዝታችሁ አንድ መንገድ ነው ያላችሁ። ኤምቲዩን፣ ማለትም የአንድን ፓኬት ከፍተኛ መጠን፣ 9000 ካደረጋችሁት ደግሞ ከካርዱ እስከ ስቶሬጁ ድረስ መሃል ያሉት ስዊቾች ሳይቀሩ ይሁን።

አስቸጋሪው የዚህ አሠራር ዝምታ ነው። አንድ ጊዜ ሰማያዊውን ስዊች ለመቀየር ስናጠፋው ሁሉም ነገር ቆመ። ለካ ቢጫው ኬብል መቼ እንደሆነ ሳይታወቅ ሞቷል፤ ማንም አልተቸገረም፣ ማንም አልጠየቀም። አሁን ክፍት መንገዶችን የምትቆጥር ትንሽ ስክሪፕት አለችኝ፤ ቁጥሩ ከሁለት ሲያንስ በቴሌግራም መልእክት ትልካለች።

ራኩ በር ላይ ደግሞ ወረቀት ለጥፌአለሁ። ኬብል በነቀልን ቁጥር ሰማያዊው ስንት፣ ቢጫው ስንት ሰከንድ እንዳቆመን ይጻፍበታል። የመጨረሻው መስመር፦ ሰማያዊ 13፣ ቢጫ 11።