ያለ ቦታው የተወደሰ ቅንጣት

በጥቁርና ነጭ የሚቀርብ ዘመናዊ ፎቶግራፍ፣ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የሚከበረውን የአገው ፈረሰኞች በዓል የሚያሳየውን ጨምሮ፣ በኮምፒውተር የተነሰነሰ ሻካራ ቅንጣት ለብሶ ሲወጣ የድሮ ፎቶ ይመስላል ተብሎ ይወደሳል። ውዳሴው ከታሪኩ ጋር አይገጥምም፤ የድሮው የኢትዮጵያ የስቱዲዮ ፎቶግራፍ መለያው ልስላሴው ነበርና።

ቅንጣት፣ በባለሙያዎች አጠራር ግሬይን፣ በፊልሙ ጄላቲን ውስጥ የተበተነው የብር ጨው ብርሃን ነክቶት ሲታጠብ ወደ ጥቁር ብርነት ተለውጦና ተደራርቦ የሚፈጥረው ሻካራ መልክ ነው። ጎልቶ መታየቱን የሚወስኑት በዋናነት የፊልሙ ፍጥነት፣ የማጠቢያው ኬሚካልና ምስሉ የጎላበት መጠን ናቸው። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አንስቶ ቤተ መንግሥቱን ያገለገሉት የቦያጂያን ቤተሰብ ፎቶግራፍ አንሺዎች በሠሩበት ዘመን የስቱዲዮ ምስል የሚነሣው በሰፊ የመስታወት ወይም የፊልም ኔጋቲቭ ስለነበረ፣ ሳይጎላ ወይም ጥቂት ብቻ ጎልቶ ሲታተም ቅንጣቱ ለዓይን አይታይም። ጉንጭ ላይ ሻካራ ነገር ከታየም ብዙውን ጊዜ ኔጋቲቩን ያስተካከለው ሰው የእርሳስ ጭረት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማን በ1936 ስለ ጣናና ስለ ዓባይ እንዳሳተመው ባሉ የዘመኑ መጻሕፍት ውስጥ የሚገኝ ፎቶግራፍም አብዛኛውን ጊዜ በኅትመት ነጥብ የተሠራ ነው፤ በአጉሊ መነጽር ሲታይ የኅትመት ነጥብ በረድፍ ይሰለፋል፣ የፊልም ቅንጣት ግን ሥርዓት የለውም።

ቅንጣት የራሱን ቦታ ያገኘው ፈጣን ፊልም በትንሽ ካሜራ ሲገባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 በ35 ሚሊ ሜትር የቀረበው ትራይ-ኤክስ የተባለ ፈጣን ፊልም ኔጋቲቩ 24 በ36 ሚሊ ሜትር ብቻ በመሆኑ፣ በ30 በ40 ሳንቲ ሜትር ወረቀት ላይ ሲታተም ከ11 ጊዜ በላይ ይጎላል። በዚህ መጠን ቅንጣቱ በሁሉም ስፍራ እኩል አይታይም፦ በድፍን ጥቁርና በንጹሕ ነጭ ውስጥ ይጠፋል፣ የፈረስ ጋማ ውስጥ በፀጉሩ መስመር ይሸፈናል፣ ወጥ በሆነ መካከለኛ ግራጫ ላይ ግን ይወጣል። በክረምት በዘንገና ሐይቅ ላይ የሚያርፈው ጉም እንዲህ ያለ ግራጫ ነው። ፊልሙ ዲ-76 በተባለው ማጠቢያ ቢታጠብ በውስጡ ያለው ብዙ ሰልፋይት የብሩን ጠርዝ ስለሚያሟሟው ጉሙ ይለሰልሳል፤ እ.ኤ.አ. ከ1891 ጀምሮ በሚታወቀው ሮዲናል ቢታጠብ ግን እያንዳንዱ ቅንጣት ጠርዙን ይዞ ይቀራል፣ ጉሙም በእጅ የሚዳሰስ ይመስላል። ለአየር ይህን ያህል አካል የሰጠ ሌላ የፎቶግራፍ ጥበብ የለም፤ የኮምፒውተሩ ብናኝ ግን ጥቁሩንም ነጩንም ጉሙንም ሳይለይ ሲሸፍን ከፊልም ይልቅ ቆሻሻ መስታወትን ይመስላል።

ከዚህ የከፋው ተቃራኒው ልማድ ነው። በየቤቱ የተቀመጡ የ35 ሚሊ ሜትር ኔጋቲቮች ስካን ሲደረጉ ቅንጣቱ እንደ ጉድለት ተቆጥሮ በሶፍትዌር ይጠፋል፤ የነጠላው ጥለትና የዓይን ዙሪያ መስመር የተሠሩት ከዚያው ብር ስለሆነ አብረው ይሄዳሉ፣ ኔጋቲቩ ከተጣለ ደግሞ የሚመልሳቸው የለም።