ዲስኩ እስኪነሳ

በፋብሪካው ባዮስ ፋንታ ኮርቡት የተባለው ፈርምዌር የተጫነበት ቲንክፓድ ላፕቶፕ ራሙንና ቺፕሴቱን አሰናድቶ ሥራውን ዲስኩን ፈልጎ ለሚያስነሳው ፕሮግራም ለሲባዮስ እስኪያስረክብ አንድ ሰከንድ አካባቢ ቢፈጅ ነው። ሃርድ ዲስኩ ግን ገና መሽከርከር መጀመሩ ነው፤ በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ዙር ላይ እስኪደርስ ጥቂት ሰከንዶች ይፈልጋል። የፋብሪካው ባዮስ ራሱ ዘገምተኛ ስለሆነ የዲስኩ መዘግየት ሳይታወቅ ያልፋል። ፈጣን ፈርምዌር ግን ያጋልጠዋል። የሚነሳበት ዲስክ የለም የሚል መልእክት ያየ ሰው ዲስኩ ተበላሽቷል ብሎ ሊጥለው ይችላል። እኔ መጀመሪያ የማየው፣ ኮምፒዩተሩ ሳይጠፋ እንደገና ሲነሳ ዲስኩ መገኘቱን ነው። ከተገኘ ዲስኩ ጤነኛ ሳይሆን አይቀርም፤ ሳይዞር ተጠርቶ ይሆናል።

ሮን ሚኒች በ1999 ሎስ አላሞስ ቤተ ሙከራ ሊኑክስባዮስ ብሎ የጀመረው፣ ከ2008 ወዲህ ኮርቡት የተባለው ሥራ መርሁ ጠባብ ነው፦ የግድ የሆነውን አዘጋጅቶ መልቀቅ። ስለዚህ ኮርቡት ዲስኩን አያናግርም። የሳታ መቆጣጠሪያውን ያሰናዳል፣ ፖርቶቹን ይከፍታል፣ በቃ። ዲስኩን የሚጠራው ተከታዩ ሲባዮስ ነው።

እዚህ ላይ ቀላሉ ነገር የሦስት ሰከንድ እረፍት ኮዱ ውስጥ መክተት ነው፤ እኔ አጥብቄ እቃወመዋለሁ። ለኤስኤስዲ ብክነት ነው፣ ላረጀ ዲስክ ደግሞ አይበቃም። ሃርድዌሩ ራሱ ይናገራልና እሱን መስማት ይሻላል። የሳታ መቆጣጠሪያ በሚሠራበት መስፈርት፣ በኤኤችሲአይ፣ አንዱ ሬጅስተር መስመሩ መገናኘቱን ይነግረናል፤ ይህ ግን ዲስኩ አለ ማለት እንጂ ዝግጁ ነው ማለት አይደለም። ዝግጁነቱ የሚታወቀው በሌላው ሬጅስተር ላይ «ሥራ ላይ ነኝ» የሚለው ቢት ወደ 0 ሲወርድ ነው። ሲባዮስ ለባዶ ፖርት የሚሰጠው ጥቂት ሚሊሰከንድ ብቻ ነው፤ መኖሩ ለተረጋገጠ ዲስክ ግን እስከ 32 ሰከንድ ይታገሣል። የሙያው ብስለት ያለው በዚህ ልዩነት ነው። የኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ ደግሞ ከዚህም ይሻላል፦ ቢበዛ ምን ያህል ሊጠበቅ እንደሚገባ መቆጣጠሪያው ራሱ በ500 ሚሊሰከንድ ስፍር ያስታውቃል። ግምት የሚባል ነገር የለም፤ ይህን አሠራር በጣም እወደዋለሁ።

ችግር ሲገጥም መጀመሪያ የማነበው ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ ከቆየ በኋላ የተነሳበትን መዝገብ ነው፤ ሊኑክስ በሌላ ዲስክ ከተነሳ መዝገቡ ሲቢሜም በተባለው የኮርቡት መሣሪያ ይወጣል። ሲባዮስ ፖርቱን ጠቅሶ ዝግጁ አይደለም ካለ ዲስኩን ወይም የጥበቃውን ገደብ እመረምራለሁ። ፖርቱን ጭራሽ ካልጠቀሰው ግን ሲባዮስን ትቼ፣ የትኞቹ ፖርቶች እንዲከፈቱ ወደሚወስነው የኮርቡት ፋይል እሄዳለሁ።