እጆቹ ተገናኝተዋል ወይ?

በአፋሯ ሰመራ የሙዚቃ በዓል ሲኖር ከፊት ወንበር ለመያዝ አልሽቀዳደምም። ከቀትር በኋላ ፀሐይዋ ዘንበል ስትል፣ ከመድረኩ ጀርባ ወደተተከለው ድንኳን እሄዳለሁ። ጨፋሪዎቹ ተራቸውን የሚጠብቁት እዚያ ነው። ገሚሱ ሰናፊል የሚባለውን ሽርጥ አገልድሟል፣ ገሚሱ ገና ሱሪውን አላወለቀም። አንዱ እንዲሁ ያጨበጭባል። ሌላው መጥቶ ከጎኑ ይቆማል፣ ሦስተኛው ዞሮ ፊት ለፊታቸው። ማንም ጀምሩ ሳይላቸው ክብ ይሆናሉ። አውጪው ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንድ ስንኝ ይጥላል፤ ተቀባዮቹ ያነሡለታል። በዚያ ጥላ ሥር የሰማሁትን ዘፈን ማታ መድረክ ላይ ስሰማው ብዙ ጊዜ ሌላ ዘፈን ይሆንብኛል። ቃሉ ያው ነው፣ ሰዎቹም እነዚያው ናቸው። በድንኳኑና በመድረኩ መካከል አንድ ነገር ወድቆ ቀርቷል። እንዲህ ዓይነቱን በዓል መመዘን ለሚፈልግ ሰው የምመክረው የወደቀውን ነገር ለይቶ እንዲያውቅ ነው።

የአፋር ዘፈን ክብ ነው። ኬኬም ይሁን ላሌ፣ ሆራም ይሁን ጂኒሌ፣ ሰው የሚዘፍነው ፊቱን ወደ ሰው አዙሮ ነው። መድረክ ደግሞ አንድ ፊት ብቻ አለው። አዘጋጁ እንግዶቹ የጨፋሪ ጀርባ እንዳያዩ ብሎ ክቡን ይፈታና እንደ ተማሪ ሰልፍ ይደረድራቸዋል። የክብር እንግዶቹ ፊት ያያሉ፤ ጨፋሪዎቹ ግን እርስ በርስ አይተያዩም።

ጉዳቱ ከመልክ ያልፋል። ድምፅ በዚያ ሙቀት በሰከንድ ወደ 350 ሜትር ይጓዛል። ስድስት ሜትር ስፋት ባለው ክብ ውስጥ ከወዲያ ጫፍ ያለው ሰው ጭብጨባ ለእኔ የሚደርሰኝ ከሰከንድ ሁለት መቶኛ በማይበልጥ ጊዜ ነው፤ ጆሮ እንደ አንድ ይቆጥረዋል። ሃያ ሜትር በሚሆን መድረክ ላይ በሰልፍ ሲቆሙ መዘግየቱ ወደ ስድስት መቶኛ ያድጋል። ያኔ አንዱ ጭብጨባ ሁለት ይሆናል፣ ተሰንጥቆ ይሰማል። በዚያ ላይ ሜዳው ገላጣ ነው፤ ድምፅ የሚመልስ ግድግዳ የለውም። ክብ የሠሩ ሰዎች አካላቸው ግድግዳ ይሆንላቸዋል። ከብት ተከትሎ የሚዘዋወር ሕዝብ አዳራሽ አልሠራም ይባላል። እኔ ግን ክቡ ራሱ አዳራሻቸው ነው ባይ ነኝ፤ በሄዱበት ይዘውት የሚሄዱት።

አንድ ማታ ከጎኔ የአሳይታ ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር። መድረኩ ላይ ከሠላሳ የማያንሱ ወጣቶች፣ ሁሉም አንድ ዓይነት አዲስ ልብስ ለብሰው፣ ጊሌ የሚሉትን ጩቤ ታጥቀው ይዘላሉ። አጠገቤ ያለው ሕዝብ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል።

«አባባ፣ እንዴት አዩት?» አልኳቸው።

«ልብሳቸው ያምራል» አሉኝ። ዝም ብለው ቆዩና «እጃቸው ግን አልተገናኘም» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ሌላ መመዘኛ ከዚህ አላስቀድምም። ዓይንህን ጨፍንና እጆቹን ብቻ ስማ። መዳፍ ተዘርግቶ ሲመታ ድምፁ ደረቅ ነው፤ ጎድጎድ ሲል ይወፍራል። በጥሩ ቡድን ውስጥ ሁለቱ ይለያሉ፤ ወፍራሙ መሬቱን ይይዛል፣ ደረቁ ከላዩ ይሄዳል። ቀጥሎ እግሩን ስማ። ዘላዩ መሬት የሚነካበት ቅጽበትና ጭብጨባው የሚያርፍበት ቅጽበት አንድ ከሆነ በደረትህ ይሰማሃል። ከፍ ብሎ መዝለል ለፎቶ ነው፤ ሥራው ያለው አወራረዱ ላይ ነው። ፍጥነቱንም ተከታተል። ጎበዝ ቡድን ሲፈጥን አያስታውቅም። አሥር ደቂቃ ካለፈ በኋላ ነው ከተነሣበት ምን ያህል እንደራቀ የሚገባህ። ልምድ ያነሰው ቡድን አውጪው ጮኽ ባለ ቁጥር ይሮጣል።

እዚህ ላይ ጥፋቱ የጨፋሪው ብቻ አይደለም። የድምፅ ባለሙያው ብዙውን ጊዜ ለአውጪው አንድ ማይክ ይሰጥና ሥራዬን ጨረስኩ ይላል። ተቀባዮቹ ከሩቅ እንደሚሰማ ጫጫታ ይሆናሉ፤ እግር ጭራሽ አይሰማም። ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያ ሁለት ማይክ በጉልበት ከፍታ ለእግር፣ ሁለት ደግሞ ከላይ ለእጅ ይተክላል። በዓሉ ከመጀመሩ በፊት መድረኩን ቃኝ። ዝቅ ብሎ የተተከለ ማይክ ካየህ አዘጋጆቹ ዘፈኑን የሚያውቅ ሰው አማክረዋል ማለት ነው።

የጊዜ ድልድሉም ብዙ ይናገራል። ሰመራ ኅዳር 29 ቀን 2010 ዓ.ም. 12ኛውን የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን አስተናግዳለች። የአገሪቱ የባህል ቡድኖች በአንድ ላይ የሚታዩበት እንዲህ ያለ በዓል ትልቅ ነገር ነው፤ አንዱ የሌላውን ዘፈን በአካል የሚሰማበት ዕድል ሌላ ቦታ ብዙ አይገኝም። ሁሉም እኩል ይታይ ሲባል ግን ለእያንዳንዱ ጥቂት ደቂቃ ይሰጣል፣ የቴሌቪዥን ካሜራም ያንኑ ይፈልጋል። ያ ልማድ ወደ ከተሞች በዓል ሁሉ ገብቷል። አምስት ደቂቃ ለአፋር ክብ ገና ማሟሻ ነው። አውጪው የተቀባዮቹን ትንፋሽ እየለካ ነው፤ ግጥሙ ገና ወደ ቁም ነገሩ አልገባም። እኔ ብሆን ሃያ ቡድን ለአምስት አምስት ደቂቃ ከማሳይ አምስቱን ጠርቼ ሃያ ሃያ ደቂቃ እሰጣቸው ነበር። የቀሩት ቅር ይላቸዋል፤ በዓመቱ ተራቸው ይደርሳል።

ጂኒሌ ሲመጣ ሚዛኑ ይቀየራል። ወንዶች ተጠጋግተው ይከባሉ፤ በመሐል ያለው ባለ ራእይ ሕዝቡ ስለ ዝናብ፣ ስለ ጠላት፣ ስለ ከብት የሚጠይቀውን እየሰማ በዜማ ይመልሳል። እ.ኤ.አ. በ1933 እና በ1934 አዋሽን እስከሚያልቅበት እስከ አቤ ሐይቅ ድረስ የተከተለው እንግሊዛዊው ተጓዥ ዊልፍሬድ ቴሲጀር ይህን ክብ አይቶ ስለ እሱ ጽፏል። ጂኒሌ መድረክ ላይ ሲወጣ ምን መሆን አለበት? ይህን ጥያቄ ሳያነሡ ጂኒሌን ከሌላው ጭፈራ መሐል የሚሰኩ አዘጋጆች ያሳዝኑኛል። ያየሁት ደህና አቀራረብ አንድ ብቻ ነው። የቡድኑ መሪ አስቀድሞ፣ በአፋርኛም በአማርኛም፣ ዛሬ የምታዩት ቅርጹን እንጂ ጥያቄና መልሱን አይደለም ብሎ ተናገረ። ሕዝቡም ጸጥ ብሎ አየ፤ አንድም ሰው አላፏጨም።

ቃሉስ? አፋርኛዬ ለገበያና ለሰላምታ የሚበቃ ነው፤ ስለዚህ ሁልጊዜ የሚተረጉምልኝ ሰው አጠገብ እቀመጣለሁ። አውጪው የዛሬን ቀን ሲያነሣ እወዳለሁ፤ የዘንድሮን ዝናብ፣ ከሚሌ ወዲህ ያለውን የከባድ መኪና ሰልፍ፣ ከጅቡቲ ለበዓሉ የመጣውን ዘመድ። ዝግጁ የሆነ ውዳሴ በየዓመቱ ያው ነው፣ የባለሥልጣኑ ስም ብቻ ይቀየራል። እዚያው የሚፈጠረው ግጥም በተቀባዮቹ ፊት ይታወቃል፤ መጨረሻው የት እንደሚወድቅ ስለማያውቁ ዓይናቸውን ከአውጪው አይነቅሉም። የመድረክ አስተዋዋቂው ደግሞ ሁለት ስንኝ እንኳ ለማያውቀው ታዳሚ ቢተረጉም ምን ነበረበት! «ውብ ባህላዊ ጭፈራ» ብሎ ማለፍ ገጣሚውን ድዳ ማድረግ ነው።

አሁን ወደ አዲሱ ሙዚቃ። የአዋሽ ሰባት ኪሎ ማታ ከሰመራው ይለያል። ከተማይቱን ባቡር ነው የቆረቆራት። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የገባው የጅቡቲ ሐዲድ ያለፈባት ናት፤ ዛሬም የከባድ መኪና ሾፌሮች ማደሪያ ነች። አፋር፣ ከረዩ ኦሮሞ፣ አርጎባ፣ አማራ፣ ሶማሌ ይገናኙባታል። እዚያ አንድ ወጣት ኦርጋን ተከራይቶ፣ አንድ ትልቅ ስፒከር ተክሎ፣ ሠርግ ሲያደምቅ ያድራል። የአፋር ዘመናዊ ሙዚቃ ብዙው የሚሠራው በዚህ መልክ ስለሆነ ኦርጋኑን አልጠላውም። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ኦርጋኑ ከእጅ ጋር ነው ወይስ በእጅ ቦታ?

ምልክቶቹ ግልጽ ናቸው። ኦርጋን ላይ አስቀድሞ የተጫነው ሪትም ሲለቀቅ አይፈጥንም፣ አይተነፍስም። አጨብጫቢዎቹ ወይ ይገዙለታል ወይ ይተዉታል። ዜማውም ላይ ያው ነው። ከሰመራ ወደ ኮምቦልቻ በሚወስደው መንገድ ባቲ አለች፤ አፋር፣ ኦሮሞና አማራ ሰኞ ሰኞ የሚገበያዩባት ከተማ። በስሟ የሚጠራው ቅኝት ከትዝታ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ ጋር የሁላችን ጆሮ የለመደው ነው። ኦርጋን ተጫዋቹ የአፋርን ዜማ ሲያነሣ፣ ሳያውቀው ወደዚያ ወደሚያውቀው ይስበዋል። በሁለት ቁልፎች መካከል የሚንሸራተተው የአውጪው ድምፅ ቀጥ ይላል፤ ያ መንሸራተት ደግሞ የዜማው ለዛ ነበር። ብልህ ተጫዋች እዚያ ቦታ ሲደርስ እጁን ያነሣል፣ ድምፁ ብቻውን ይለፍ ብሎ። ይህን የሚያደርግ ልጅ ካየህ ስሙን ጠይቅ።

የሰሃራ ቱዋሬጎች ይህን የመሣሪያና የእጅ ጥያቄ ቀድመውን መልሰውታል። የማሊው ቲናሪወን የተባለ ቡድን ኤሌክትሪክ ጊታር ያነሣው ጭብጨባውንና እልልታውን ሳይጥል ነው፤ እጆቹ የከበሮን ሥራ ይሠራሉ፣ ጊታሮቹ ለእነሱ ቦታ ይለቃሉ። «ታሲሊ» የተባለው አልበማቸው እ.ኤ.አ. በ2012 የግራሚ ሽልማት አገኘ። ከብት አርቢ፣ በረኸኛ፣ በብዙ አገር ድንበር የተከፋፈለ ሕዝብ ሙዚቃ ነው፤ ለአፋር ወጣት ከዚህ የቀረበ አርአያ አላውቅም። ዛንዚባር ላይ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የሚካሄደው ሳውቲ ዛ ቡሳራ የተባለው የሙዚቃ በዓል ደግሞ አንድ ጥብቅ ደንብ አለው፤ መድረኩ ላይ የሚሰማው ሁሉ እዚያው በቀጥታ መዘፈን አለበት። ፕሌይባክ የፈቀደ በዓልን እኔ ከቁጥር አላስገባውም። ከንፈሩን የሚያንቀሳቅስ ዘፋኝ ፊት ተቀባይ ምን ይቀበላል?

በአገራችንም ትምህርት አለ። እ.ኤ.አ. በ1963 ግብጻዊው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል ዳብህ አዲስ አበባ ላይ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ሲመሠርት፣ በኋላም ተስፋዬ ለማ ሲመራው፣ ለየብቻ ይሰሙ የነበሩ የባህል መሣሪያዎች በአንድ መድረክ ተገናኙ። ትልቅ ሥራ ነበር። በመሣሪያ የሚያስብ ሰው ግን አፋር ላይ ሲደርስ እጁ ባዶ ይሆንና የማሲንቆና የክራር አጃቢ ይጨምርበታል። እዚህ መሣሪያው ሰውነት ነው፤ አጃቢ አይጎድለውም። ከዚህ ይልቅ የምወደው ፈንድቃ የተባለው የጨፋሪው የመላኩ በላይ ቤት አዲስ አበባ ካዛንቺስ በነበረበት ጊዜ ያስተማረንን ነው። ቤቱ ጠባብ ነበር፤ ተመልካቹ ከእስክስታው አንድ ክንድ ርቆ ይቀመጥ ነበር፤ የትከሻውን ትንፋሽ ይሰማ ነበር። ሰመራ ሰፊ ሜዳ ስላላት ያን ቅርበት መርሳት የለባትም። መድረኩን ከሜዳው መሐል ዝቅ አድርጎ ሠርቶ ሰዉን በዙሪያው ማስቀመጥ የሚከለክል ነገር የለም፤ ከፍ ያለ መድረክ ከማቆምም ወጪው ያንሳል።

አንድ ነገር ልጨምር። በዓሉ ባለቀ ማግስት ሎጊያ ወርጄ ሻይ እጠጣለሁ። አፋር ከአፋር ሲገናኝ ዳጉ ይለዋወጣል። ምን አየህ፣ ምን ሰማህ ብሎ ይጠይቃል፤ የተጠየቀውም ያየውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ይናገራል። ማታ የነበረው ሥራ ደህና እንደነበር የማረጋግጠው እዚያ ነው። ባለፈው ጊዜ ከሚሌ የመጣ ሾፌር አጠገቤ ተቀምጦ ሻይ ቀጂውን ልጅ ጠየቀው። ልጁ ብርጭቆውን አስቀመጠና የአውጪውን ሁለት ስንኝ በቃሉ አወጣለት። ሾፌሩ ጭኑን መታ፤ ከበስተኋላው የተቀመጠ አንድ ሌላ ሰው ደግሞ በጠረጴዛው ተቀበለ። የትኛው ቡድን እንደነበረ ልጁን በአማርኛ ጠየቅሁት። ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ የወጡት ናቸው አለኝ፤ አስተናባሪው ተሰለፉ ቢላቸው እምቢ ብለው፣ ለክብር እንግዶቹ ጀርባቸውን ሰጥተው የከበቡት።