ግንቡና ጉልቱ፦ ሦስተኛው የቢውት ማርኪስ በሦስት መጻሕፍት

ጆን ፓትሪክ ክራይተን ስቱዋርት የስድስት ወር ጨቅላ ሳለ አባቱ ሞተና ሦስተኛው የቢውት ማርኪስ ተባለ። ጊዜው እ.ኤ.አ. 1848 ነው፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። ከማዕረጉ ጋር ስኮትላንድ ውስጥ የቢውት ደሴት ርስት፣ ዌልስ ውስጥ ደግሞ የካርዲፍ ግንብና ከሰል የተኛባቸው ሸለቆዎች ተላለፉለት። አባቱ ርስቱን በዕዳ አስይዞ በ1839 ያስከፈተው ወደብም የእሱ ሆነ። ይህን ሰው ሦስት ጸሐፊዎች በሦስት መጻሕፍት ጽፈውታል፤ ሦስቱን አከታትሎ ላነበበ ግን ስለ አንድ ሰው የተጻፉ አይመስሉም።

የመጀመሪያው የቤንጃሚን ዲስሬሊ ልቦለድ «ሎቴር» ነው። ዲስሬሊ ከጠቅላይ ሚኒስትርነት ወርዶ በ1870 ያሳተመው ነው። ጥሬ ዕቃው ዝግጁ ነበር። ማርኪሱ በ12 ዓመቱ እናቱን ሲያጣ፣ ሁለቱ ሞግዚቶቹ ጄኔራል ቻርልስ ስቱዋርትና ሌዲ ኤልዛቤት ሙር ልጁ የት ይደግ በሚል ተካሰሱ። የእንግሊዝ ፍርድ ቤት አንድ አለ፣ የስኮትላንድ ፍርድ ቤት ሌላ አለ፤ ክርክሩ የጌቶች ምክር ቤት ድረስ ደርሶ በ1861 ለጄኔራሉ ተፈረደ። ልጁ ሃሮው ከዚያም ኦክስፎርድ ተማረ። 21 ዓመት ሞልቶት ርስቱን በእጁ ባደረገ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 1868፣ ካቶሊክ ሆነና አገሩ በወሬ ታመሰ።

ዲስሬሊ ከዚህ ሁሉ የመረጠው የነፍስን ሽሚያ ነው። የልቦለዱ ወጣት አንዱ ሞግዚቱ ስኮትላንዳዊ ፕሮቴስታንት፣ ሌላው የካቶሊክ ካርዲናል ነው፤ በጣሊያን ጦርነት ቆስሎ፣ ከሮም ወጥመድ አምልጦ ወደ እንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ይመለሳል። የሀብቱ ምንጭ ደራሲውን አላሳሰበውም። ገንዘቡ ካህናቱንና ወይዛዝርቱን የሚስብ ማር ከመሆን ያለፈ ሚና የለውም። ማርኪሱ ግን ልቦለዱን አልታዘዘም፤ አልተመለሰም። በ1872 ከጥንታውያን ካቶሊኮች ከሃዋርድ ቤት ግዌንዶለንን አገባ። ከሠርጉ ታዳሚዎች አንዱ ዲስሬሊ ራሱ ነበር፤ የገጸ ባሕርይውን ዕጣ ሲጽፍ መሳሳቱን በዓይኑ አየ ማለት ነው።

ሁለተኛው መጽሐፍ በ1921 የታተመው የዴቪድ ሃንተር ብሌር የሕይወት ታሪክ ነው። ጸሐፊው የማርኪሱ ወዳጅ ነው፤ እሱም ወደ ካቶሊክነት የተመለሰ፣ ኋላም የመነኮሰ ሰው ነው። ከገድል ጸሐፊ የምንጠብቀውን ሁሉ እናገኝበታለን፦ ዓይን አፋሩ፣ ጸሎተኛው፣ ሊቁ ጌታ። ሊቅነቱ የውዳሴ ፈጠራ አይደለም። የሮማን የሰዓታት መጽሐፍ በ1879 ወደ እንግሊዝኛ መልሷል። በ1882 ደግሞ የግብጽ ቤተ ክርስቲያንን የእሑድ ጧት ጸሎት ተርጉሞ አሳተመ። በዚያ ዘመን የእኛ ጳጳሳት ከእስክንድርያ መንበር ይመጡ ስለነበር፣ ይህ ሥራው ለእኛ ሩቅ አይደለም፤ በከሰል የከበረ ስኮትላንዳዊ የቅዳሴያችንን ዘመድ ሲያስስ ማግኘት ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ትንሽ ያስገርማል።

የግንቡም ነገር እዚህ ይመጣል። ማርኪሱ ከሥነ ሕንፃ ባለሙያው ዊሊያም በርጅስ ጋር የካርዲፍን ግንብ መካከለኛው ዘመን ራሱ አልሞት የማያውቀው ቅዠት አድርጎ ሠራው። የሰዓት ግንቡ ክፍሎች በከዋክብትና በወቅቶች ሥዕል ተሞሉ፤ ከካርዲፍ በስተሰሜን ያለው ፍርስራሽ ካስቴል ኮኽ፣ ማለትም ቀዩ ግንብ፣ ከመሠረቱ ተነሥቶ በግርጌው ወይን ተተከለ። የዐረብ ክፍል የሚባለው በወርቅ ቅብ ጣሪያ ያበደ ክፍል ገና ሳያልቅ በ1881 በርጅስ ሞተ። ማርኪሱ የወዳጁንና የራሱን ስም መነሻ ፊደላት ከዓመተ ምሕረቱ ጋር በምድጃው ላይ አስቀረጸ። በሕይወት ታሪኩ ሁሉ ይህን ያህል የሚነካ ነገር አላገኘሁም። ቤተሰቡ ግን በዚህ ግንብ ይኖር የነበረው በዓመት ጥቂት ሳምንት ብቻ ነው።

በቀረው ጊዜ ካርዲፍ ውስጥ ማን ነበር? ሦስተኛው መጽሐፍ፣ ዌልሳዊው የታሪክ ምሁር ጆን ዴቪስ በ1981 ያሳተመው፣ መልሱን ከርስቱ የሒሳብ መዝገብ ያወጣል። በ1801 ከ2,000 ሰው በታች የነበረባት ካርዲፍ በ1901 ከ164,000 በላይ ነዋሪ ነበራት። ማርኪሱ ከሰል አይቆፍርም፤ የሚቆፍረው ኩባንያ ከምድር በሚወጣው በየቶኑ ድርሻ ይከፍለዋል። ቤትም አይሠራም፤ ነዋሪው በ99 ዓመት ውል በመሬቱ ላይ ይሠራል፤ ውሉ ሲያልቅ ቤቱ ለባለመሬቱ ይመለሳል። ለዚህ ከጉልት የቀረበ ቃል የለንም። ልዩነቱ ግን ይታወቅ፦ የእኛ ባለጉልት በጉልቱ ፈንታ ዘመቻ ወይም ሌላ አገልግሎት ነበረበት፤ ማርኪሱን ግን ሕጉ ለእንዲህ ዓይነት አገልግሎት አላስገደደውም።

ያ ከሰል በኤደን በኩል ቀይ ባሕርን የሚያቋርጡ መርከቦችን አንቀሳቅሷል። በቤተሰቡ ስም ቢውታውን በሚባለው የካርዲፍ ሰፈር የሶማሌ መርከበኞች መስፈራቸውም ከዚያው ንግድ የመጣ ነው። የርስቱ ዋና አስተዳዳሪ ዊሊያም ቶማስ ሉዊስ ነበር፤ እሱ ራሱ የማዕድን ከበርቴ ሆኖ ሎርድ ሜርተር ተባለ። በ1913 የእሱ ኩባንያ በሆነው በሴንገኒድ ጉድጓድ 439 ማዕድን ቆፋሪዎች በአንድ ፍንዳታ አለቁ። ይህ ማርኪሱ ከሞተ ከ13 ዓመት በኋላ ስለሆነ በእሱ ላይ አልጭነውም። ጨካኝም አልነበረም፤ በ1890 የካርዲፍ ከንቲባ ሆኖ አንድ ዓመት አገልግሏል። የዴቪስ ማርኪስ ጥፋቱ ሌላ ነው፦ አለመኖር። በመዝገቡ ገጽ ሁሉ ስሙ አለ፣ እሱ ግን የለም።

በእኔ አመለካከት የሃንተር ብሌርና የዴቪስ መጻሕፍት ተነጣጥለው ሊነበቡ አይገባም። የዐረብ ክፍል ወርቅ ከዌልሱ የሮንዳ ሸለቆ ጥቁር ድንጋይ ወጥቷል፤ ማርኪሱ ወደ 13ኛው ክፍለ ዘመን መሸሽ የቻለው 19ኛው በየቶኑ ስለከፈለው ነው።

በ1900 ሲሞት አካሉ በቢውት ደሴት፣ ልቡ በኢየሩሳሌም ደብረ ዘይት ተቀበረ። አራት ልጆች ነበሩት፤ ሁለተኛው ወንድ ልጅ ኒኒያን የካርዲፍ የፓርላማ አባል ሳለ በ1915 በፈረንሳይ ጦር ሜዳ ወደቀ። የዌልስ የከሰል ጉድጓዶች የመንግሥት በሆኑበት በ1947 ቤተሰቡ የካርዲፍን ግንብ ለከተማው ሰጠ። ማርኪሱን ሊያውቅ የሚሻ አንባቢ «ሎቴር»ን ለመጨረሻ ያቆየው፤ ሃንተር ብሌርንም ቢሆን ከዴቪስ በኋላ ያንብበው።